«ተነግሯታል»

ምስጋና ከአፌ ቶሎ አይወጣም። እናቴ «አንቺ ልጅ፣ አመሰግናለሁ ለማለት እኮ ምጥ ይይዝሻል» ትለኛለች። ለማህፀን ሐኪም የሚገባ ስድብ ነው። ይህን የምጽፈው ግን ለማመስገን ነው፤ ስለዚህ መሀል ላይ ብቆጣም ብነጫነጭም ታገሱኝ።

ስሜ ሰልዋ ነው። የማህፀንና ፅንስ ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ሬዚደንት ነኝ። ሰው «ዶክተር» ይለኛል፣ አስተማሪዎቼ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በሰው ፊት እንደ ተማሪ ያፋጥጡኛል። ስፔሻሊስት ለመባል ሦስት ወር ይቀረኛል።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከጊዮርጊስ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ጠባብ ካፌ ውስጥ ነው። ፒያሳ ፈርሳ ስትሠራ ከተረፉት የድሮ ካፌዎች አንዷ ናት፤ ማኪያቶዋ አሁንም ወፍራም ነው፣ ወንበሮቿ አሁንም ወገብ ይቆርጣሉ። ሦስት ነበርን። ሉልሰገድ አብሮኝ የሚማር ሬዚደንት ነው፤ እዚሁ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ያደገ ልጅ፣ ምላሱ ከቢላው የፈጠነ። አታክልቲ ደግሞ ሌላው የክፍላችን ልጅ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሲናገር ግን ሰው ሻዩን አስቀምጦ የሚሰማው ዓይነት። በመጪው ማክሰኞ በወጣት ሐኪሞች ስብሰባ ላይ «የሙያችን ነገ» በሚል ርዕስ ሦስታችን አሥራ አምስት ደቂቃ እንድንናገር ታዘናል። ለዚያ ነው የተቀመጥነው።

«የሙያችን ነገማ ግልጽ ነው» አለ ሉልሰገድ ላፕቶፑን እየከፈተ። «የፅንሱን የልብ ምት ማሽን ያነባል። አልትራሳውንዱን ማሽን ያነባል። ካርዱን ማሽን ይሞላል። አየሽ ይቺን? እኔ ራሴ ያስጀመርኳት ፕሮግራም ናት። ኦፕራሲዮኑ እንዳለቀ ሪፖርቱን ራሷ ጽፋ ትጨርሳለች። ሐኪም ከእስክሪብቶ ይገላገላል።»

«አንተስ ምን ትሠራለህ ያኔ?» አልኩት።

«ማኪያቶ እጠጣለኋ።»

አታክልቲ አልሳቀም። «ማሽንህ ገጠር ድረስ ይሄዳል?» አለ። «እኔ በሠራሁበት ወረዳ እናቶች በቃሬዛ ነበር የሚመጡት። አንዳንዷ መንገድ ላይ ትቀራለች። የሙያችን ነገ መንገድና አምቡላንስ ነው። ከዚያ ደግሞ አዋላጆቹን ኦፕራሲዮን ማስተማር። ሃያ ዓመት ቆይቶ እኛ የምናስፈልገው ለማስተማር ብቻ ከሆነ ደስ ይለኛል።»

«ደስ ይበልህ፤ እኔ ሥራ ፈት ልሆን ነው» አለ ሉልሰገድ።

እኔ መሀል ላይ ሆኜ ሁለቱንም እቆጣለሁ። ከእኛ ጋር ከጀመሩት ውስጥ ስንቱ አገር ለቆ ሄደ፣ ስንቱ ሙያውን ተወ፤ የቀረነው ደግሞ ስለ ማሽንና ስለ መንገድ እንከራከራለን። ለምን እንደቀረን የሚናገር የለም አልኳቸው። ሉልሰገድ «እሺ፣ ለምን ቀረሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። ይህን ጊዜ ነው ስልኬ የጠራው።

አርሴማ ነበረች። አርሴማን መግለጽ አለብኝ። ከሁለት ወር ተኩል በፊት በሆስፒታላችን የመጀመሪያ ልጇን፣ ሴት ልጅ፣ ወለደች። ልጅቷ ደህና ወጣች፣ እናትየው ግን ደሟ አልቆም አለ። መድኃኒት ሰጠን፣ ማህፀኗን አሸን፣ ሰፋን፣ አልቆም አለ። በመጨረሻ ማህፀኗን አውጥተን ሕይወቷን አተረፍን። እሷ ራሷን ስታ ስለነበር ፈርሞ የፈቀደልን ባሏ ሐዱሽ ነው። ሉልሰገድና እኔ ከአስተማሪያችን ጋር ኦፕራሲዮኑ ላይ ነበርን፤ በማግስቱ ዋርዱን የተረከበው አታክልቲ ነው። ስትወጣ፣ ቁስሉ ካስቸገራት እንድትደውል ለሐዱሽ ስልኬን ሰጥቼው ነበር። ማክሰኞ ልናቀርበው ያሰብነው ታሪክም የእሷው ነው፤ የምንኮራበት ሥራ ስለሆነ።

«ዶክተር ሰልዋ!» አለችኝ ድምጿ ሞቆ። «እሁድ የልጄ ሰማንያ ነው፤ ክርስትናዋ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ነን፣ እዚሁ ከጊዮርጊስ ጀርባ። አንቺም ጓደኞችሽም መቅረት የለም።»

«ኢንሻ አላህ» አልኳት።

«ደግሞ ለሚቀጥለውም ልጅ የማምነው አንቺን ነው፤ ሌላ ሐኪም ጋ አልሄድም!»

ስልኩ ሲዘጋ ማኪያቶዬ አፌ ውስጥ ሬት ሆነ። ያለችውን ነገርኳቸው። ሦስታችንም ተያየን።

«አታክልቲ፣ ዋርድ ላይ ነግረሃታል አይደል?» አልኩ።

«እኔ? እናንተ ነግራችኋት የለ? ካርዱ ላይ ተጽፏል እኮ።»

«ማን ጻፈ?»

ሉልሰገድ ለማክሰኞው ያዘጋጀውን የካርዱን ቅጂ፣ ስሟ የተሸፈነውን፣ ላፕቶፑ ላይ ከፈተው። ከሪፖርቱ መጨረሻ በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል አለች። ወደ እኛ ቋንቋ ስትመለስ «ተነግሯታል» ማለት ናት። ከኦፕራሲዮን በኋላ ሁላችንም እንጽፋታለን፤ እጃችን ለምዷታል፤ ነጥብ እንደ ማድረግ ነው። ሥሯ ያለው ፊርማ የእኔ ነው።

ለሐዱሽ ስንነግረው ነው የጻፍኩት። ኮሪደሩ ላይ፣ ጓንቴን እንኳ ሳላወልቅ። ከነቃች በኋላ እነግራታለሁ ብዬ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ደም የሚፈስሳት መጣች። አታክልቲ ካርዱን ሲያነብ ተነግሯታል ብሎ አለፈ። የአርባ ቀን ክትትሏን ያደረገችው ሰፈሯ ጤና ጣቢያ ነው፤ እነሱም ያንኑ ቃል አንብበው አልፈው ይሆናል። ጡት ስለምታጠባ የወር አበባዋ ባይመጣም አይገርማትም። ከወለደች ሰማንያ ቀን ሊሞላት ነው፤ ሴትየዋ ከሰውነቷ ምን እንደተወሰደ የነገራት ሐኪም የለም።

«ሰኞ ቢሮ እንጥራት» አለ ሉልሰገድ። ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶ ነበር። «በወጉ፣ በስድስቱ ደረጃ።» ክፉ ዜና እንዴት እንደሚነገር ስድስት ደረጃ ያለው ትምህርት ተምረናል፤ በፈተናው አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ ጉድ በሉ።

አታክልቲ ራሱን ነቀነቀ። «ሰኞ አይሆንም። እሁድ ምን ብለው እንደሚመርቋት ታውቃላችሁ? የመጣው ሽማግሌ ሁሉ ተነስቶ ‹ተከታይ ይስጥሽ፣ ወንድም ያስከትልላት› ነው የሚላት። እሷም አሜን ትላለች። ድንኳን ሙሉ ሰው አሜን ይላል። ማግስቱን እኛ ጠርተን ‹አይሆንም› ልንላት ነው?»

ቦርሳዬን አንስቼ ተነሳሁ። ሁለቱም ተከትለውኝ ወጡ፤ ማንም ኑ ያላቸው የለም። ለዚያ ብቻ እንኳ አመሰግናቸዋለሁ።

መንገዱ አምስት ደቂቃ ነው። አባቴ ሠላሳ ዓመት የሰፋባት ሱቅ የነበረችበት ቦታ ላይ አሁን የብስክሌት መንገድ አለ፤ ሁልጊዜ ሳልፍ እቆጣለሁ፣ ያን ቀን ግን ትዝም አላለኝ። የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ይህችን ሴት ሁለት ጊዜ ልቆርጣት ነው፤ ያሁኑ ያለ ማደንዘዣ።

ግቢው ሦስት አራት ቤተሰብ የሚጋራው የድሮ ግቢ ነው። የአርሴማ አማት ወይዘሮ ለተክርስቶስና ጎረቤታቸው ሰዓዳ የእድር ሳህን ክምር ፊታቸው አድርገው ያጥባሉ። ወይዘሮ ለተክርስቶስን ምራታቸው «አደይ» ነው የምትላቸው፣ በትግርኛ እናቴ እንደማለት፤ ሰፈሩም እንደሷው አደይ ይላቸዋል። ሦስት ሐኪም በአንድ ጊዜ ሲገባ አይተው ሳህኑን አስቀመጡ። ገና ሰላምታ ሳልጨርስ ክንዴን ይዘው ወደ ግድግዳው ጥግ ወሰዱኝ።

«የኔ ልጅ፣ ልትነግሪያት ነው የመጣሽው?»

«እናንተም አልነገራችኋትም እንዴ?»

«ለመርዶ ጊዜ አለው» አሉኝ በሹክሹክታ። «ክርስትናው ይለፍ፣ ወገቧ ይጥና። ሰኞ በማለዳ ዘመድ ጎረቤት ሰብስቤ፣ አጠገቧ ሆነን፣ እኔው አረዳታለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለብቻ አይሰማም።»

«እሁድ ‹ተከታይ ይስጥሽ› ሲሏትስ፣ አደይ?»

አደይ መሬት መሬት አዩ። «እሱን ሳስብ ነው እንቅልፍ ያጣሁት» አሉ።

ልቆጣቸው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ከዚያ ግን እኔ ማን ሆኜ? እሳቸው እስክትጠና ብለው በፍቅር ደበቋት፤ እኔ በእንዝህላልነት። ሰው ሰብስቦ አጠገቧ ሆኖ መንገር ደግሞ ከስድስቱ ደረጃ የሚያንስ አልመሰለኝም። «አደይ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ ልንገራት። እርስዎ ግን በሩ አጠገብ ይሁኑልኝ» አልኳቸው። ክንዴን ለቀቁኝ። ሉልሰገድና አታክልቲ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ሳህን ማጠብ ጀመሩ። ሰዓዳ «ዶክተር፣ አረፋውን በደንብ አስለቅቀው እንጂ!» ስትል ሰማኋት።

አርሴማ አልጋ ላይ ተቀምጣ ሕፃኗን ታጠባለች። አጠገቧ የወረቀት ክምርና ቀይ እስክሪብቶ አለ። ማተሚያ ቤት አራሚ ናት፤ ሌላው ሰው አንብቦ ያለፈውን እሷ ደግማ ታነባለች። የወሊድ ፈቃድ ላይ ሆና እንኳ ሥራ ይልኩላታል።

«ምነው፣ እሁድ አልኩ እንጂ ሐሙስ አልኩ?» አለች እየሳቀች።

ተቀመጥኩ፤ አንደኛው ደረጃ መቀመጥ ነው። ሁለተኛው ምን እንደምታውቅ መጠየቅ። «አርሴማ፣ ስለ ኦፕራሲዮንሽ ምን ታውቂያለሽ?» አልኳት። ድምፄ የእኔ አልመስልሽ አለኝ።

ሳቋን አቆመች። ሕፃኗን ከጡቷ አላቅቃ ትከሻዋ ላይ አስደገፈቻት።

«በሩን ዝጊው» አለችኝ።

ዘጋሁት።

«ማህፀኔ እንደወጣ አውቃለሁ። ከሆስፒታል በወጣሁ በስድስተኛው ቀን ነው ያወቅኩት። የመውጫ ወረቀቱን አነበብኩት። ያልገባኝን ቃል በስልኬ አየሁ። አራሚ ነኝ እኮ ዶክተር፤ ወረቀት ሰጥታችሁኝ አታነብም ብላችሁ ነው?»

«ታዲያ ቅድም በስልክ ‹ለሚቀጥለውም› ያልሽኝ...»

«አደይ አጠገቤ ተቀምጠው ነበራ። እንደማላውቅ አድርገው ስንት ቀን ሙሉ ሲንከባከቡኝ፣ ሲደብቁኝ፣ ጓዳ ገብተው ሲያለቅሱ እሰማለሁ። ማወቄን ቢያውቁ ይሰበራሉ ብዬ ዝም አልኩ። ሐዱሽም እንዲሁ። እሱ ከእኔ ይደብቃል፣ እኔ ከእሱ እደብቃለሁ። በዚህ ቤት ውስጥ የማታውቀው ይቺ ብቻ ናት» አለችና የልጇን ጀርባ መታ መታ አደረገች። ልጅቷ አገሳች።

ከዚያ ከትራሷ ሥር አንድ ፎልደር አወጣች። የመውጫ ወረቀቱ ነው። ከታች፣ ያቺ የእንግሊዝኛ ቃል በቀይ ተከብባለች።

«ስህተት አይቼ ማለፍ አልችልም» አለችኝ። አሁን ድምጿ ቀጥ ብሏል። «‹ተነግሯታል› ይላል። ማን ነው የነገረኝ? መቼ? ምናልባት ነግረውኝ ረስቼው ይሆን፣ አእምሮዬ ተነክቶ ይሆን ብዬ ስንት ቀን ራሴን ጠየቅኩ መሰለሽ። አንድ ቀን ከእናንተ አንዳችሁ ትመጣላችሁ ብዬ ጠበቅኩ።»

ስድስቱ ደረጃ የት እንደገባ እንጃ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «አልነገርኩሽም። ለሐዱሽ ነግሬ ለአንቺ እንደነገርኩ አድርጌ ጻፍኩ። ከዚያ ረሳሁት። ይቅርታ አርሴማ።»

ሕፃኗ እንቅልፍ ወስዷት ስለነበር ቀስ ብላ አጠገቧ አስተኛቻት። ከውጭ የሳህን ድምፅ ይሰማል።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አለች ቆይታ። «ሌላ መንገድ አልነበረም?»

ይህን ጥያቄ ነበር የፈራሁት፤ መልሱ ግን ያለኝ ብቸኛ ንጹሕ ነገር እሱ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። መድኃኒቱን፣ መስፋቱን፣ ሉልሰገድ ማህፀኗን በሁለት እጁ ጨምቆ ክንዱ እስኪዝል እንደያዘው። የመጀመሪያ ልጇ ስለሆነች ብለን ደጋግመን እንደሞከርን፣ እንዲያውም ከሚገባው በላይ እንደቆየን፣ በዚያ ልናጣት ጥቂት ደቂቃ ብቻ እንደቀረን። «በመጨረሻ አስተማሪያችን ‹ማህፀኗን ነው ወይስ እሷን?› አለን። ሁላችንም ባንድ አፍ ‹እሷን› አልን።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። ድምፅ ሳታሰማ፣ ልጇን ላለመቀስቀስ። «ሁለት ነበር ያሰብኩት» አለችኝ። «አንድ ሴት፣ አንድ ወንድ።» ጎኗ ተቀምጬ እጇን ያዝኩ። ዛሬም ቢሆን ምን ይባል እንደነበር አላውቅም። እኔም አለቀስኩ፤ መማሪያችን ይህን አይመክርም።

ፊቷን ጠረገችና ቀይ እስክሪብቶዋን አቀበለችኝ።

«አርሚው።»

ቃሉን ሰረዝኩት። ከጎኑ በአማርኛ «ያን ቀን አልተነገራትም። ዛሬ ተነገራት» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀኑን ጻፍኩ፣ ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። በሕክምና ሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የጻፍኩት ወረቀት የለም። አርሴማ ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ስህተት ስታጣ አጠፈችው።

«አሁን ማመስገን እችላለሁ» አለችኝ። «ያዳነኝ ሰው ዋሽቶኝ እያለ እንዴት ብዬ ላመስግን? አንቆኝ ነበር እኮ። አመሰግናለሁ ሰልዋ። ስለ እኔ ‹እሷን› ስላላችሁ።»

«እኔ ነኝ የማመሰግንሽ» አልኳት። ያለ ምጥ ወጣ። እናቴ ብትሰማ አታምንም።

በሩን ስከፍት አደይ እዚያው ቆመዋል፤ ሁሉንም ሰምተዋል። ገብተው ምራታቸው ፊት ቆሙ። «ታውቂ ነበር?» አሏት።

«ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ስለምን ዝም አልሽኝ?»

«እርስዎስ፣ አደይ?»

አደይ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና የአርሴማን ራስ ደረታቸው ላይ አድርገው በትግርኛ የሆነ ነገር እያሉ አለቀሱ፤ ትንሽ ቆይቶ ማን ማንን ይበልጥ እንዳታለለ እየተነጋገሩ ሁለቱም መሳቅ ጀመሩ። እኔ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ሉልሰገድና አታክልቲ እርጥብ እጃቸውን አንጠልጥለው አዩኝ። ራሴን ነቀነቅኩላቸው፤ ገባቸው።

ቅዳሜ ሉልሰገድ ስላይዱን ላከልን። የዚያች ፕሮግራሙ ገጽ አልጠፋችም፣ ግን ሥሯ አንድ መስመር ጨምሯል፦ «‹ተነግሯታል› የሚለውን ቦታ ማሽኑ አይሞላውም፤ ሐኪሙም ቢሆን በሽተኛዋ ፊት ተቀምጦ ካልሆነ አይሞላውም።» ሌላውን ሁሉ፣ መንገዱንም አምቡላንሱንም፣ አታክልቲ እንዳለው አድርጎታል። የእኔ ድርሻ ለምን እንደቀረሁ መናገር ነው። አሁን የምለው አለኝ።

እሁድ ድንኳኑ ግቢውን ሞልቶታል። ሕፃኗ ነጭ ለብሳ ተኝታለች። አደይ ከሩቅ ሲያዩኝ መጥተው እጄን ይዘው ለብቻ ወደተዘረጋ ማዕድ ወሰዱኝ። «በጉን የሰዓዳ ባል ነው ያረደው፤ ድስቱም የእሷ ነው። ሳትሰቀቂ ብዪ» አሉኝ። በስንት ሴት ሆድ ላይ ቢላ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ካዋለድኳት ሴት ማዕድ ስበላ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

ከምግቡ በኋላ የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረዮሐንስ ለምርቃት ተነሱ። ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ። ዕድሜ መረቁ፣ ጤና መረቁ፣ ሰፈሩን መረቁ። ከዚያ ወደ አርሴማ ዞሩና «ለዚህች ሕፃን ደግሞ ተከታይ፣ ወንድም...» ብለው ጀመሩ። አርሴማ ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። አታክልቲ ክንዴን ጨበጠኝ።

«አባቴ፣ እዚያ ላይ ይቁሙልኝ» አሉ አደይ።

አደይ ከመቀመጫቸው ተነስተው እጃቸውን ምራታቸው ትከሻ ላይ አሳረፉ።

«ተከታይ አንለምንም። አንድ ለመንን፣ ሁለት ሰጠን፤ ልጅቷን ሰጠን፣ እናቷንም ከሞት መለሰልን። እኛ ጠግበናል። እናቷን ያኑርላት ይበሉልኝ።»

አቶ ገብረዮሐንስ አርሴማን አዩ፣ ከዚያ እኛን ሦስታችንን አዩ፣ ገባቸው። እጃቸውን እንደገና ከፍ አደረጉ።

«እናቷን ያኑርላት» አሉ።

ድንኳኑ ሁሉ «አሜን» አለ። አርሴማ ቀና ብላ ወደ እኔ አየች፤ እኔም ከሁሉም ድምፅ በላይ በእኛ ቤት አባባል «አሚን» አልኩ።